ስለ ማርሽ ባንድ ትምህርት፤ አዲሱን ዘዴ ከነባሩ ጋር ስለ ማስማማት

«ከበሮ በሰው እጅ ያምር፤ ሲይዙት ያደናግር» ይላል ያገራችን ሰው። በመስቀል ደመራ ዕለት በመስቀል አደባባይ፣ በጥምቀት በጃን ሜዳ፣ ወይም አንድ የክብር እንግዳ በቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ሲወርድ የማርሽ ባንድ ተሰልፎ ሲያልፍ ያየ ሰው የዚህን ተረት የመጀመሪያ ክፍል ያውቀዋል። ነሐሱ ያብለጨልጫል፤ እግሩ ሁሉ አንድ ላይ ይነሣል፤ አንድ ላይም ያርፋል። ሁለተኛውን ክፍል የሚያውቀው ግን ከበሮውን የያዘው ብቻ ነው።

እኛ ይኸን ጽሑፍ የምናቀርበው ከያዙት ወገን ስለ ነበርን ነው። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለን በማርሽ ባንድ ውስጥ ተሰልፈናል፤ አንድ ክረምትም ሙሉ አዲስ ዘዴ ስንማር አሳልፈናል። ነገሩን ወደ ማኅበራችን መጽሔት ያመጣንበት ምክንያት አለን። ከመካከላችን ብዙዎች በመጪው ክረምት ለበጎ ፈቃድ አገልግሎት ወደየሰፈራችን ስንመለስ ታናናሾቻችንን ሒሳብም ሆነ ቋንቋ፣ ስፖርትም ሆነ ሙዚቃ እናስተምራለን። ያን ጊዜ አዲሱን ዘዴ ይዘን የምንገባው እኛ ነን። እንግዲህ አዲስ ዘዴ በገባ ጊዜ ማን እንደሚጠቀምና ማን እንደሚጎዳ አስቀድመን ብንመረምር ይበጃል።

ሀ. በሜዳው ላይ የሆነው

ትምህርት ቤታችን በቦሌ በኩል፣ ከገርጂ ብዙ የማይርቅ ነበር። ባንዱ 28 ተማሪዎች ነበሩት። መጀመሪያ ያስተማሩን ከሠራዊት የሙዚቃ ክፍል በጡረታ የተገለሉ አንድ አዛውንት ሲሆኑ ሁላችንም «ጋሼ» እንላቸው ነበር። ዘዴያቸው አጭርና ግልጥ ነበር። በአንድ መማሪያ ክፍል ውስጥ ክብ ሠርተን እንቀመጣለን፤ እርሳቸው አንድ ሐረግ ይነፋሉ፤ እኛ ተቀብለን እንነፋለን፤ የሳተ እንደገና ይሰማል። «መጀመሪያ ስማ፤ ከዚያ ንፋ» ይሉ ነበር። በሁለት ዓመት ውስጥ ስድስት ማርሾችን በዚህ መንገድ አጠናን። አንድም ወረቀት አላየንም።

ጋሼ ዐረፍ ባሉበት ክረምት አንድ ወጣት አሠልጣኝ መጣ። ሦስት ሳምንት በየቀኑ ከጧቱ 2 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት በሜዳው ላይ ሊያሠለጥነን ነበር። ይኸ ሰው ሥራውን የሚወድና የሚያውቅ ነበር፤ ይኸን ሳንመሰክር ማለፍ ግፍ ነው። ይዞት የመጣው አዲስ ነገር አራት ነበር። አንደኛ፣ ዜማው ሁሉ በአምስት መስመር ላይ በኖታ ተጽፎ ቀረበልን። ሁለተኛ፣ መሣሪያ ከመንካታችን በፊት «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት» እያልን ጮኸን እንድንቆጥር ታዘዝን። ሦስተኛ፣ ጉልበት አንሥቶ መርገጥ ቀርቶ እግርን ከተረከዝ ወደ ጣት እያሳረፉ መንሸራተት ሆነ። አራተኛ፣ ክቡ ፈረሰና በሜዳው ላይ በ7 ረድፍ፣ አራት አራት ሆነን ተዘረጋን፤ በአንዱ ረድፍና በሌላው መካከል 10 እርምጃ ተለካ።

ከእኛ መካከል አንድ ጥሩንባ ነፊ ጓደኛ ነበረን። በታክሲ ሲሄድ አንድ ጊዜ በሬዲዮ የሰማውን ዜማ ማታ በጥሩንባው ይደግመው ነበር። ኖታ ማንበብ ግን አይችልም። አሠልጣኙ ኖታ የለመዱትን ለእጁ ቅርብ እንዲሆኑ ከፊት አደረጋቸው፤ ከበሮና ታምቡሩንም ከፊት አቆመ። ጓደኛችን በመጨረሻው ረድፍ ላይ ቀረ። ከዚያ ቀን ጀምሮ «ከምት ወጥተሃል» የሚለው ቃል በየሰዓቱ ይደርሰው ጀመር። ልጁ ጆሮውን ይበልጥ አቀና፤ ከበሮውን ይበልጥ አዳመጠ፤ ይሁን እንጂ ይበልጥ ዘገየ። «ጆሮህን አትመን፤ ቁጠር» ተባለ።

በዘጠነኛው ቀን ብቻውን ወደ ፊት ወጥቶ ከወረቀቱ እንዲነፋ ተጠየቀ። ጥሩንባውን አነሣ፤ ወረቀቱን አየ፤ ዝም አለ። እኛ ሳቅን። ይኸን ቃል ማሳመር አንሻም፤ በእርግጥ ሳቅን። እርሱ የጥሩንባውን አፍ መንፊያ በመሐረቡ ጠርጎ መሣሪያውን በሣጥኑ ውስጥ አስቀመጠ። በማግስቱ አልመጣም። ሁለታችን ወደ ቤቱ ሄደን ብንጠይቀው «ጆሮዬ ተበላሽቷል መሰለኝ» ብሎ መለሰልን። ባንዱ በመስከረም ያለ እርሱ ተሰለፈ።

ለ. ስሕተቱ የት ነበር

ነገሩ የተገለጠልን ዩኒቨርሲቲ ከገባን በኋላ ነው። አንድ ቀን ከሳይንስ ፋኩልቲ ጓደኛችን ጋር ሻይ እየጠጣን ይኸን ታሪክ ብናጫውተው እርሳስ አወጣና ጥቂት ጥያቄ ጠየቀን። ስሌቱ ለሁላችን የሚገባ ስለ ሆነ እንዳለ እናቀርበዋለን።

በማርሽ ባንድ ትምህርት በአሜሪካ የተለመደው እርምጃ በ5 ያርድ ውስጥ 8 ጊዜ የሚረገጥ ነው። 5 ያርድ 4 ሜትር ከ57 ሳንቲሜትር ስለ ሆነ አንዱ እርምጃ 57 ሳንቲሜትር ገደማ ይሆናል። በ7 ረድፍ መካከል 6 ክፍተት አለ፤ እያንዳንዱ 10 እርምጃ ነው ብለናል። እንግዲህ ከፊተኛው ረድፍ እስከ ኋለኛው 60 እርምጃ፣ ይኸውም 34 ሜትር ያህል ነበር።

ድምፅ በአየር ውስጥ በአንድ ሰከንድ 340 ሜትር ያህል ይጓዛል። ስለዚህ ከፊት የተመታው ከበሮ ወደ መጨረሻው ረድፍ የሚደርሰው ከሰከንድ አንድ ዐሥረኛ ዘግይቶ ነው። ጓደኛችን የሰማውን ምት ተከትሎ በትክክል ቢነፋ፣ የእርሱ ድምፅ ደግሞ ከፊት ወደ ቆመው አሠልጣኝ ለመመለስ ሌላ አንድ ዐሥረኛ ሰከንድ ይፈልጋል። በጠቅላላው ሁለት ዐሥረኛ ይሆናል። ማርሽ በደቂቃ 120 ምት ሲሄድ አንዱ ምት ግማሽ ሰከንድ ነው። ሁለት ዐሥረኛ ሰከንድ ማለት እንግዲህ ግማሽ ምት ሊሞላ ጥቂት የቀረው ነው። ይኸን ማንም ተራ ሰሚ «ዘገየ» ብሎ ያውቀዋል።

ፍርዱን አንባቢ ይስጥ። ልጁ የዘገየው ጆሮው ስለ ተበላሸ ነውን? ጆሮው ፍጹም በመሆኑ ነው። የሰማውን ምት አንዲት ነጥብ ሳይስት ተከተለ፤ ምቱ ራሱ ግን በመንገድ ዘግይቶ ነበር። ጋሼ ባስተማሩን ክብ ውስጥ ከአንዳችን እስከ ሌላችን 4 ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ስለዚህ «ስማ፤ ከዚያ ንፋ» እውነተኛ ሕግ ነበር። ሜዳው ሲሰፋ ሕጉ ተለወጠ፤ ለምን እንደ ተለወጠ የነገረን ግን አልነበረም።

መድኃኒቱም ቀላል ነበር። ከበሮውን ከኋላ ማቆም፣ ከበሮ መቺው የመሪውን እጅ በዓይኑ እንዲከተል ማድረግ፣ ከፊት ያሉትም ከኋላ የሚመጣውን ድምፅ እንዲቀበሉ ማድረግ ነው። ያን ጊዜ ድምፁ ሁሉ ከኋላ ወደ ፊት አብሮ ይጓዝና ከፊት ለቆመው ሰሚ በአንድነት ይደርሳል። ከበሮው ከፊት ይቁም ከተባለም የኋላው ረድፍ በጆሮው ፋንታ የመሪውን እጅ ይመልከት፤ ብርሃን አይዘገይምና። አሠልጣኙ «ቁጠር» ማለቱ ስለዚህ ትክክል ነበር። «ጆሮህን አትመን» የሚለው ቃል ግን ያለ ምክንያቱ ሲነገር ለአንድ ጆሮ ላለው ልጅ ስድብ ሆነበት።

ሐ. ሁለቱ ዘዴዎች ምን ምን ናቸው

በጆሮ መማርን ኋላ ቀር፣ በጽሑፍ መማርን ዘመናዊ አድርጎ ማየት የተለመደ ነው። በኢትዮጵያ ታሪክ ግን ይኸ አከፋፈል አይሠራም። በ6ኛው መቶ ዘመን የነበረው ቅዱስ ያሬድ ከተባለበት ጊዜ ጀምሮ ግዕዝ፣ ዕዝልና ዓራራይ የተባሉት ሦስቱ የዜማ ስልቶች በቃል ሲተላለፉ ኖረዋል። በ16ኛው መቶ ዘመን በአፄ ገላውዴዎስ ዘመነ መንግሥት አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የዜማውን ምልክት በጽሑፍ እንዳደራጁ ሊቃውንቱ ያስተምራሉ። እንግዲህ አገራችን የዜማ ጽሕፈት ያወቀችው የነሐስ መሣሪያ ከመምጣቱ ሦስት መቶ ዓመት ቀድሞ ነው።

ነገር ግን የእኛ ምልክትና የአውሮፓው ኖታ ሥራቸው ይለያያል። ይዘት፣ ድፋት፣ ጭረት፣ ርክርክ የተባሉትም ሆኑ ከቃላት ተቆርጠው ከፊደሉ በላይ የሚጻፉት ምልክቶች አንድ ድምፅ ምን ያህል እንደሚረዝም በቁጥር አይለኩም። ተማሪው በዜማ ቤት ዓመታት ተቀምጦ በቃሉ ያጠናውን ዜማ ያስታውሱታል። ምልክቱ አስታዋሽ፣ ጆሮው ዋና ነው። ኖታ ደግሞ ዜማውን ሰምቶ ለማያውቅ ሰው ጭምር የድምፁን ከፍታ በመስመሩ፣ የድምፁን ርዝመት በቅርጹ ይነግረዋል። ሙሉ ኖታ 4 ምት፣ ግማሹ 2፣ ሩቡ 1 ይሆናል። ስለዚህ ያልሰሙትን ለመንፋት ያስችላል፤ ትልቁ ጥቅሙም ይኸው ነው።

ሁለተኛው ልዩነት የድምፅ መሰላል ነው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ የተባሉት ቅኝቶቻችን በ5 ድምፅ ይሠራሉ። የአውሮፓው መሰላል 7 ድምፅ አለው። በሙሉው ትዝታ ያደገ ጆሮ «ዶ ሬ ሚ ሶል ላ»ን እንደ ቤቱ ያውቀዋል፤ በመካከሉ «ፋ» እና «ሲ» ሲገቡበት ግን በደጃፉ እንግዳ እንደ ቆመበት ሰው ይደናገጣል። ከእኛ ብዙዎቹ በማርሹ ውስጥ «ፋ»ን ሳንነፋ እንዘል የነበረው በዚህ ምክንያት ነው።

ሦስተኛው መሣሪያው ነው። ጥሩንባ 3 ቁልፍ ብቻ አለው። መካከለኛው ሲጫን ድምፁን በግማሽ፣ የመጀመሪያው በአንድ ሙሉ፣ ሦስተኛው በአንድ ተኩል ደረጃ ዝቅ ያደርገዋል። ሦስቱን በማቀናጀት የሚገኘው የቧንቧ ርዝመት 7 ዓይነት ነው። የቀረው ሁሉ የከንፈርና የትንፋሽ ሥራ ነው፤ በአንድ ቁልፍ አያያዝ ከንፈር ሲጠብቅ ድምፁ ይወጣል፤ ሲላላ ይወርዳል። ይኸ ደግሞ ለአገራችን ነፊ እንግዳ አይደለም። እምቢልታ ምንም ቀዳዳ ሳይኖረው በትንፋሽ ብቻ ድምፅ ያወጣል። በዚያም ላይ አንዱ እምቢልታ ከአንድ ወይም ከሁለት ድምፅ በላይ ስለማይሰጥ ሦስት ሰዎች ተራቸውን እየጠበቁ በመቀባበል ዜማውን ይሞሉታል። ተራውን የሳተ ዜማውን ያፈርሰዋል። በኖታ ላይ የዕረፍት ምልክት አይተን እስከ ተራችን በልባችን መቁጠር ቢያስቸግረን፣ አያቶቻችን ይኸንኑ ያለ ወረቀት ይሠሩት እንደ ነበር የነገረን ሰው ቢኖር ነገሩ በቀለለን ነበር።

አራተኛው እርምጃው ነው። ጉልበት አንሥቶ መርገጥ ለዓይን ያምራል፤ ነገር ግን መሬቱን በረገጡ ቁጥር ጥሩንባው ጥርስን ይመታል፤ ድምፁም ይቆራረጣል። ከተረከዝ ወደ ጣት መንሸራተት ከወገብ በላይ ያለውን አካል ያረጋጋዋል። ልማዱ የሚያስቸግረው እግርን ሳይሆን ትንፋሽን ነው፤ ነፊው በአራት ምት አየር ስቦ በስምንት ምት ማውጣትን እየተራመደ መልመድ አለበት። በክረምት ጭቃ ላይ ይኸን ስንለማመድ የሳቅንበትም የወደቅንበትም ቀን ብዙ ነው።

መ. ከእኛ በፊት የተማሩት

በአዲስ ዘዴ መደናገር በእኛ አልተጀመረም። ጥንት የነገሥታቱ ሰልፍ በነጋሪት፣ በመለከትና በእምቢልታ ይታጀብ ነበር። ከ1888 ዓ.ም. የዓድዋ ድል በኋላ የሩሲያው ንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ ኒቆላዎስ 40 የነሐስ መሣሪያዎችን ከአስተማሪ ጋር ለዳግማዊ ምኒልክ ላኩ። አስተማሪው ሚሌቭስኪ የተባለ የፖላንድ ተወላጅ ነበር። ከእርሱ በኋላ ደግሞ አንድሬ ኒኮ የተባለ የስዊስ ሰው ባንዱን መራ።

በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኮንን ወደ አውሮፓ ሲጓዙ በኢየሩሳሌም ከአርመኖች ገዳም ዘንድ የሙት ልጆችን የነሐስ ባንድ አዩ። ልጆቹ በቱርክ መንግሥት ውስጥ በአርመኖች ላይ ከተፈጸመው እልቂት የተረፉ ነበሩ። ራስ ተፈሪ ልጆቹን ከገዳሙ ተቀብለው በአደራ ወደ ኢትዮጵያ አስመጧቸው። ጳጉሜን 1 ቀን 1916 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገቡ፤ ሕዝቡም «አርባ ልጆች» አላቸው። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበር። «ኢትዮጵያ ሆይ ደስ ይበልሽ» የተባለውን መዝሙር ዜማ የደረሰው እርሱ ሲሆን ግጥሙ የዮፍታሔ ንጉሤ ነው። መዝሙሩ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ በዓል ላይ ተሰምቷል።

ከጣልያን ወረራ በኋላ ክቡር ዘበኛ፣ ጦር ሠራዊት፣ ፖሊስና ማዘጋጃ ቤት እያንዳንዳቸው የሙዚቃ ክፍል አቋቋሙ። በክቡር ዘበኛ አሌክሳንደር ኮንቶሮቪች የተባለ የፖላንድ ሰው፣ ቀጥሎም ፍራንዝ ዜልቬከር የተባለ የኦስትሪያ ሰው አስተማሩ። የኬቮርክ የወንድም ልጅ ኔርሰስ ናልባንዲያን በማዘጋጃ ቤትና በ1948 ዓ.ም. በተከፈተው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ብዙ ሙዚቀኞችን አሠለጠነ፤ ያገራችንን ባለ 5 ድምፅ ዜማዎች ለብዙ መሣሪያ አቀናጅቶ ማዘጋጀትንም ትልቅ ሥራው አደረገ። የአውሮፕላን ማረፊያው በ1950ዎቹ ከልደታ ወደ ቦሌ ከተዛወረ በኋላ የእነዚህ ባንዶች አንዱ መድረክ ቦሌ ሆነ። የአፍሪካ መሪዎች ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን ቻርተር ለመፈረም የተሰበሰቡት በዚሁ ዘመን ነው።

ከሩሲያ፣ ከስዊስ፣ ከአርመን፣ ከፖላንድ፣ ከኦስትሪያ፤ አስተማሪ በተለወጠ ቁጥር ዘዴውም ተለወጠ። ከእነዚያ ተማሪዎች ይበልጥ የሚታወሱት ግን ያመጡትን ያልጣሉት ናቸው። ጌታቸው መኩሪያን እንመልከት። በልጅነቱ ክራርና ማሲንቆ ይጫወት ነበር፤ በ1940ዎቹ መጀመሪያ በማዘጋጃ ቤት ባንድ ገብቶ ክላሪኔትና ሳክስፎን ተማረ። ከዚያም ተዋጊዎች የሚያሰሙትን ሽለላ በሳክስፎን አሰማ። በ2008 ዓ.ም. እስኪያርፍ ድረስ በዓለም የታወቀው በዚሁ ነው። የሳክስፎኑን ቁልፍ ያወቀው በአዲሱ ትምህርት ነው፤ በቁልፉ የሚናገረውን ነገር ግን ከቤቱ ይዞት መጣ።

አስተማሪን በተመለከተ አንድ የውጭ አገር ምሳሌ እንጨምር። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1828 ጁዜፔ ዶኒዜቲ የተባለ ጣልያናዊ የሱልጣኑን የማርሽ ባንድ ሊያሠለጥን ወደ ኢስታንቡል ተጠራ። ዝነኛው የኦፔራ ደራሲ ጋኤታኖ ዶኒዜቲ ወንድሙ ነው። ተማሪዎቹ የአውሮፓን ኖታ አያውቁም። ነገር ግን ሃምፓርሱም ሊሞንጂያን የተባለ የኢስታንቡል አርመን ያዘጋጀው የዜማ ጽሕፈት በከተማይቱ ይታወቅ ነበር። ዶኒዜቲ መጀመሪያ ይኸን ጽሕፈት ራሱ ተማረ፤ ከዚያም የሃምፓርሱምን ምልክት ከአውሮፓው ኖታ ጋር ጎን ለጎን እያስተያየ አስተማረ። ዘዴውን ሊሰጥ የመጣ ሰው አስቀድሞ የተማሪዎቹን ዘዴ ተማረ ማለት ነው። በእኛ ሜዳ ላይ የጎደለው ይኸ ብቻ ነበር።

ሠ. ለሚማርና ለሚያስተምር

ከዚህ ሁሉ ያገኘነውን በጥቂት ነጥብ እናስቀምጣለን።

1. አዲስ ዘዴ ሲሰጥ ምክንያቱ አብሮ ይሰጥ። «ጆሮህን አትመን» ከማለት «ድምፁ በ34 ሜትር ላይ ይዘገያል፤ ስለዚህ እጄን ተመልከት» ማለት አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ምክንያቱን ያወቀ ተማሪ ትእዛዙን ራሱ ይጠብቀዋል።

2. የታወቀው ይቅደም። ኖታ ሲጀመር ተማሪው በቃሉ የሚያውቀውን ማርሽ በወረቀት ላይ ያሳዩት። ጆሮው ዓይኑን ይመራዋል። ያልሰማውን አዲስ ዜማ ከዚያ በኋላ ይስጡት፤ ያን ጊዜ ዓይኑ ጆሮውን ይመራዋል።

3. አራት አዲስ ነገር በአንድ ጧት አይጫን። በመጀመሪያ ያለ መሣሪያ መራመድ፤ ቀጥሎ እየተራመዱ ዜማውን በአፍ ማለት፤ ከዚያ ቆመው መንፋት፤ በመጨረሻ እየተራመዱ መንፋት። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

4. በጆሮ የሚችለውና በወረቀት የሚችለው በአንድ ረድፍ ጎን ለጎን ይቁሙ። ይኸን በዚያው ክረምት ሜዳው ራሱ አስተምሮናል። ወደ ቦሌ የሚወርድ አውሮፕላን በላያችን ሲያልፍ ምንም ስለማይሰማ የሚቆጥሩት ብቻ ምቱን ሳይለቁ ይቀጥሉ ነበር። በአሥራ አንደኛው ቀን ደግሞ ዝናብ በድንገት ወርዶ ወረቀታችንን አራሰው፤ ያን ጊዜ ወረቀት ብቻ የለመዱት ቆሙ፤ በጆሮ ያጠኑት ማርሹን እስከ መጨረሻው ነፉ። አንዱ ዘዴ ሲወድቅ ሌላው ይዞታል። ያን ዕለት ግን ከሁሉ የሚበልጠው ጆሮ ከመካከላችን አልነበረም።

5. ማንም ሰው የማያውቀውን ለማሳየት ብቻውን ወደ ፊት አይጠራ። ተማሪም ባልንጀራው ሲደናገር አይሳቅ። ይኸ ከሙዚቃ ትምህርት ውጭ ያለ ምክር ይመስላል፤ ባንዱን ያጎደለው ግን ከኖታውም ከእርምጃውም ይልቅ ይኸ ነው።

ይኸ ነገር በማርሽ ባንድ ብቻ የሚቀር አይደለም። እኛ ራሳችን ወደዚህ ዩኒቨርሲቲ በገባን ጊዜ በቃል ማጥናት ተነቅፎብን «መርምሩ፣ ተከራከሩ፣ ራሳችሁ ጻፉ» ተብለናል። ትእዛዙ መልካም ነው። ነገር ግን በቃል የማጥናት ልማዳችን ለምን እንደ ረዳንና የት ላይ እንደሚያቆም ያስረዳን ጥቂት ሰው ነው። ከመካከላችን በመጀመሪያው ዓመት «አእምሮዬ አይሠራም» ብለው የሄዱ አሉ። ምናልባት አእምሯቸው ደኅና ነበር፤ ሜዳው ሰፍቶባቸው እንደ ሆነስ ማን መረመረላቸው?

ባለፈው ጥምቀት ያን ጥሩንባ ነፊ ጓደኛችንን በጃን ሜዳ አገኘነው። አሁን በመገናኛ አካባቢ የራሱ ሥራ አለው፤ ጥሩንባ ከነካ ቆይቷል። የሳይንስ ጓደኛችንን ስሌት ነገርነው፤ ስለ ሳቃችንም ይቅርታ ጠየቅነው። ጥቂት ዝም አለና «እስቲ ጻፉልኝ» አለ። በአንድ የደብተር ቅዳጅ ላይ 34 ሜትሩን፣ 340 ሜትሩን፣ ሁለቱን ዐሥረኛ ሰከንዶች ጻፍንለት። ሁለት ጊዜ አነበበው፤ አጥፎም በደረት ኪሱ ከተተው። ወደ ጥሩንባው ይመለስ እንደ ሆነ አልጠየቅነውም።

እንግዲህ በመጪው ክረምት ኳስም ሆነ ፊደል፣ ሒሳብም ሆነ ዜማ ልናስተምር የምንወጣ ሁሉ፣ አንድ ልጅ ወደ ኋላ በቀረ ጊዜ «ዘገየህ» ከማለታችን በፊት ከየት ሆኖ እንደሚሰማን እንለካ።